አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ሜዳ

ቅድስት ያንን ስም ስትጠራ ዙለይካ የአንድ ላፕቶፕ ሆድ ከፍታ ብሎን እየፈታች ነበር። ቀና አላለችም። ካቻቢቴውን ግን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ማን አልሽኝ?»

«አቶ ኃይለገብርኤል ነዋ! የሆቴሉ ባለቤት። ካዛንቺስ አዲስ የተከፈተውን ባለ ሰባት ፎቅ አላየሽውም? እዚያ ማናጀር ከሆንኩ እኮ አራት ወር ሆነኝ። በቃ ዙዙ፣ አንቺ ካላዳንሽኝ አለቀልኝ።»

ሁለቱ ኮሌጅ አብረው የተማሩ ናቸው። ቅድስት ሆቴል ስትቀጠር ዙለይካ መስቀል ፍላወር ላይ፣ ከአንድ ፀጉር ቤት ጎን፣ ሁለት ሰው ከቆመባት ሦስተኛው የማይገባባት የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቅ ከፈተች። ጊዜው ግንቦት 2004 ነው።

ቅድስት ችግሯን እየተጣደፈች አወራች። አለቃዋ የጎልፍ ፍቅር አለባቸው። የሆቴሉን አራተኛ ፎቅ አዳራሽ አስለቅቀው ከአሜሪካ የቤት ውስጥ ጎልፍ አስመጥተዋል። ተጫዋቹ እውነተኛ ኳስ በእውነተኛ ዱላ መትቶ ከፊቱ የተወጠረ ነጭ መጋረጃ ላይ ያሳርፋል። ጣራው ላይ ያለ ካሜራ የኳሱን ፍጥነትና አቅጣጫ ይለካል። ኮምፒውተሩ ደግሞ ቀሪውን መንገድ አስልቶ፣ ኳሱ አረንጓዴ ሜዳ ላይ ሲበር እዚያው መጋረጃ ላይ በፕሮጀክተር ያሳያል። ችግሩ፣ አብሮ የመጣውን ኮምፒውተር አንድ ሠራተኛ ለአሜሪካ መብራት የተሠራ መሆኑን ሳያይ ግድግዳው ላይ ሰካው። ጭሱ ኮሪደሩን ሞላው።

«ሌላ እስኪመጣ ሁለት ወር ይፈጃል። ምርቃቱ የዛሬ ሁለት ሳምንት እሁድ ነው፤ የጥሪ ካርዱ ተበትኗል። ያለን ጠንካራ ኮምፒውተር የማስታወቂያ ክፍሉ አፕል ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ደግሞ፣ ማለቴ፣ ለሱ አልተሠራም አሉን። ሁለት ልጆች ሞክረው ጥለውት ሄዱ።»

«ነገ ጠዋት እመጣለሁ» አለች ዙለይካ።

ቅድስት አቅፋ ሳመቻት። ዙለይካ ለምን እንዲህ ቶሎ እሺ እንዳለች አልጠየቀችም።

*

በ1988 ዓ.ም. ዙለይካ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ሱሌማን ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ የጎልፍ ክለብ ውስጥ ካዲ ነበር። የተጫዋቾችን የዱላ ቦርሳ ይሸከማል፣ የጠፋ ኳስ ይፈልጋል፣ ነፋሱን አይቶ ይመክራል። አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቷል። አባላት በማይመጡበት ቀን ካዲዎቹ እንዲጫወቱ ይፈቀድላቸው ስለነበር፣ ከአባላቱ አብዛኞቹን የሚያስንቅ ምት ነበረው።

የዚያን ዓመት ለክለቡ ዋንጫ ፍጻሜ ሁለት ነጋዴዎች ደረሱ፤ ኃይለገብርኤልና ሐጎስ። ሱሌማን የኃይለገብርኤልን ቦርሳ ይዞ ነበር። ጨዋታው ወደ ማለቂያው ሲቃረብ የኃይለገብርኤል ኳስ ባሕር ዛፍ ሥር ገባ። ኃይለገብርኤል ግራ ቀኝ አየና፣ በጎልፍ ደንብ ክልክል ሆኖ ሳለ፣ ኳሱን በጫማው ጫፍ ገፋ አድርጎ አወጣው። ሐጎስ ከተመልካቾቹ ጋር ሲደርስ ኳሱ ንጹህ ሣር ላይ ተቀምጧል። ጠረጠረ።

«ሱሌማን» አለ፤ «ኳሱ የት ነበር?»

ሱሌማን አስቦበት ቢሆን ኖሮ ምን ይመልስ እንደነበር እሱም አያውቅም። ጊዜ አላገኘም። በጣቱ ዛፉን አሳየ።

ኃይለገብርኤል ዋንጫውን አጣ። ከሦስት ቀን በኋላ የወርቅ ሰዓቴ ከቦርሳዬ ጠፋ ብሎ አመለከተ። ቦርሳውን የሚይዘው ማን ነው? ሱሌማን ሁለት ወር ከአሥር ቀን ታሰረ። ማስረጃ ሲጠፋ ተለቀቀ። ክለቡ ግን በሩን ዘጋበት፤ ቂርቆስ ሰፈር ደግሞ ማስረጃ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። እናቷ ሪሐና ሱቅ ስትገባ ባለሱቁ ባንኮኒው ላይ ያለውን ዕቃ ወደ ራሱ ሰብሰብ ያደርጋል። ዙለይካን ትምህርት ቤት ልጆቹ እየተቀባበሉ «ሰዓት ስንት ነው?» ይሏታል። በእጇ ሰዓት አስራ የማታውቀውን ልጅ። ሪሐና ይህ ስም ሳይነሳላት ሞተች። ሱሌማን ስታዲየም ዙሪያ ያገለገለ የስፖርት ጫማ እያጠበና እየሰፋ መሸጥ ጀመረ። እስካሁንም የሚተዳደረው በዚሁ ነው።

ስለ ኃይለገብርኤል ቤት ውስጥ ተወርቶ አያውቅም። ዙለይካ ግን ሌሎች ልጆች መዝሙር እንደሚይዙ ያንን ስም ይዛ አደገች።

*

በማግስቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ስትደርስ ኃይለገብርኤል እዚያው ነበር። ወፍሯል። ጸጉሩ ሸብቶ ወደ ኋላ ተለጥፏል። በእጁ ዱላ ይዞ ባዶ አየር ይመታል።

«ይቺ ናት?» አለ ለቅድስት።

«ዙዙ ትባላለች። በጣም ጎበዝ ናት።»

«ጎበዝነቷን እሁድ እናያለን» አለና ወጣ። የአባቷን ስም አልጠየቃትም።

ዙለይካ ሥራውን ጀመረች። ቀላሉን መንገድ አስቀደመች፤ አፕሉን እንዳለ ትታ ዊንዶውስን እንደ አንድ ተራ ፕሮግራም በውስጡ አስነሳች። ፕሮግራሙ ተከፈተ። ቅድስት በደስታ አጨበጨበች። ዙለይካ ኳስ በእጇ ወረወረች፤ ኳሱ መጋረጃውን መትቶ፣ ወለል ላይ ነጥሮ፣ ግድግዳ ሥር ተንከባሎ ከቆመ በኋላ ነው ሜዳው ላይ መብረር የጀመረው። አራት ሰከንድ ዘግይቷል።

«ይሄማ መሳቂያ ነው» አለች ቅድስት።

ዙለይካ ሁሉንም አጥፍታ እንደገና ተነሳች። ዲስኩን ለሁለት ከፍላ በአንዱ ወገን ዊንዶውስ ብቻውን እንዲያድር አደረገች፤ ማሽኑ ሲነሳ አፕል መሆኑን እንዲረሳ። ከዚያ ስክሪኑ ጠቆረባት። ምስል የሚያወጣውን ካርድ የሚያሠራ፣ ድራይቨር የሚባል ፕሮግራም ከኢንተርኔት ለማውረድ ሱቋ ውስጥ ሁለት ቀን ሙሉ ያችን ዘገምተኛ የኢንተርኔት ፍላሽ ሰክታ ጠበቀች፤ ዘጠና ከመቶ ላይ ሦስት ጊዜ ተቋረጠባት። እሱ ሲሳካ ፕሮግራሙ ራሱ «ይህ ኮምፒውተር ብቁ አይደለም» ብሎ አልከፈትም አለ። ያንን ምርመራ የሚያዝዘውን ፋይል ፈልጋ አንዲት መስመር ቀየረች። ተከፈተ። ምስሉ ግን ይንቀጠቀጣል። የዛፎቹን ጥላ አጠፋች። የሣሩን ቅጠል አጠፋች። ውሃው ላይ የሚያብረቀርቀውን ፀሐይ አጠፋች። ዛፎቹ ከካርቶን የተቆረጡ መሰሉ፤ ኳሱ ግን በተመታ ቅጽበት በረረ። ማሽኑ ግማሽ ሰዓት ሲሠራ እንደ ምጣድ ስለሚግል፣ ከመርካቶ ትልቅ ቬንትሌተር አስገዝታ ከኋላው አቆመችበት።

ይህ ሁሉ ሲሆን በልቧ የያዘችው አንድ ሐሳብ ነበር። ጨዋታው ሲጦፍ፣ መቶ ሃምሳ እንግዳ ፊት፣ ማሽኑ ድርግም እንዲል ታደርገዋለች። ቬንትሌተሩን መንቀል ብቻ ይበቃ ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ኃይለገብርኤል ብቻውን ገባ። ጥቂት ጊዜ መታ። ኳሱ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ እየሸሸ ውሃ ውስጥ ይገባበታል። ዱላውን ጥሎ ወደ ኮምፒውተሩ መጣ።

«አንቺ፣ ይሄ ነገር ለልጆች ቀለል ማድረግ ይቻላል የሚሉት እውነት ነው?»

«ይቻላል። ለጀማሪ የተሠራ እርዳታ አለው። ኳሱ ወደ ጎን ሲወጣ ኮምፒውተሩ ወደ መሀል ይመልሰዋል።»

«ለአንድ ተጫዋች ብቻ?»

«ለአንድ ተጫዋች ብቻም ይሆናል።»

በሩን ዞር ብሎ አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሁድ ሐጎስ ከሚባል ሽማግሌ ጋር እጫወታለሁ። የድሮ ወዳጅ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ባለጌ ካዲ ምክንያት ዋንጫ ወስዶብኛል። የክለቡ ሰዎች በሙሉ ይመጣሉ፤ እዚያው እነሱ ፊት ልመልስለት እፈልጋለሁ። ገባሽ?»

«ገባኝ» አለች። ከዚያ ሳታስበው ጠየቀች፤ «ካዲው ምን ሆነ?»

«ማን ያውቃል። ሌባ ነበር።»

ዙለይካ ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሳችም።

«ይሄ በእኔና በአንቺ መካከል ይቀራል» አለ።

«እሺ ጌታዬ።»

*

ከዚያ ወጥታ በቀጥታ ስታዲየም ሄደች። ሱሌማን ጫማዎቹን ላስቲክ ላይ በተርታ ደርድሮ የአንዱን ሶል በማጣበቂያ እየቀባ ነበር። ከጎኑ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረችው፤ ሆቴሉን፣ ማሽኑን፣ የዛሬውን ወሬ። «ሌባ ነበር» የሚለውን ስትደርስበት ልትዘለው ፈለገች። አልዘለለችውም።

ሱሌማን ሶሉን ተጭኖ ያዘ። ለረጅም ጊዜ አልለቀቀውም።

«እና ምን ልታደርጊ አሰብሽ?»

«መሀል ላይ አጠፋበታለሁ። ያን ሁሉ ሰው ፊት ያፍራል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ... በቃ ያፍራል።»

«መብራት ነው ይላል። ዕቃው ነው ይላል። ሰው ለስላሳውን ጠጥቶ ይበተናል፤ ለሱ የሚቀርለት የተበላሸ ማሽን ነው።» ጫማውን አስቀመጠ። «ስሚኝ ልጄ። ያን ቀን ዛፉ ሥር ሲገፋው ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ሰው ብቻ ስላየ ነው እንዲህ የሆንነው። አሥራ ስድስት ዓመት አንድ ነገር ነው የለመንኩት፤ ወላሂ፣ ሰው ሁሉ ሲያየው ማየት።»

ዙለይካ ፕሮግራሙ ውስጥ ለአሠልጣኞች የተሠራ አንድ ገጽ እንዳለ ታውቃለች። እያንዳንዱን ምት በሁለት መስመር ያስቀምጣል። ቀዩ ካሜራው የለካው፣ ኳሱ በእርግጥ የሄደበት መንገድ ነው። ነጩ ከእርዳታው በኋላ ሜዳው ላይ የታየው ነው። ያ ገጽ በተለመደው ጊዜ ይደበቃል፤ በአንድ ቁልፍ ግን ይወጣል።

ይህን ስትነግረው ሱሌማን ወደ እሷ ዞረ። «ለስንት ሰው ይታያል?»

«ለአዳራሹ በሙሉ። መጋረጃው የቤታችን ግድግዳ ሦስት እጥፍ ነው።»

«እንግዲያው ደህና አድርገሽ ሥሪው» አለ። «አንዲት ነገር እንዳትጎድል። ኮምፒውተሩ ተሳስቶ ነው የሚልበት ቀዳዳ እንዳታስቀሪለት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዙለይካ ያንን ማሽን እንደ በሽተኛ አስታመመችው። ለዚያ ሥራ ያልተፈጠረ ኮምፒውተር ከተፈጠረው በላይ ትክክለኛ እንዲሆን ፈለገች። አንድ ነገር ብቻ ጎደላት። ካሜራው በትክክል መለካቱን ለማረጋገጥ ደጋግሞ ቀጥ አድርጎ የሚመታ ሰው ያስፈልጋል፤ እሷ ኳሱን መንካት እንኳ አትችልበትም።

ቅድስትን «የጎልፍ አሠልጣኝ አመጣለሁ» አለቻት። ሐሙስ ኃይለገብርኤል ለሥራ ጉዳይ አዳማ ሲሄድ፣ ቅድስት ሱሌማንን በሠራተኛ መግቢያ አሳልፋ አራተኛ ፎቅ አደረሰችው።

ሱሌማን ሲገባ ኮቱን አውልቆ አጣጥፎ ወንበር ላይ አኖረ። ከዱላዎቹ አንዱን መዘዘ። መዳፉ ላይ አገላበጠው። የመጀመሪያው ምት ምንጣፉን ፋቀ። ሁለተኛው ኳሱን ጫፉ ላይ አገኘው። ሱሌማን ትከሻውን አላላ፣ እግሩን አስተካከለ፣ ተነፈሰ። ሦስተኛው ሲመታ ድምፁ ተለየ፤ ደረቅና አጭር ነበር። ኳሱ መጋረጃውን መሀሉን መታው። ሜዳው ላይ ሁለት መቶ ሠላሳ ሜትር ሄዶ ዐረፈ።

«አላህ» አለ ሱሌማን ለራሱ። «አልተወኝም።»

አርባ ጊዜ መታ። ዙለይካ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ካሜራውን በጥቂቱ እያረመች፣ ቀዩ መስመር መጋረጃው ላይ ካረፈው የኳስ ምልክት ጋር እስኪገጥም ድረስ ሠራች። ቅድስት በሩ ላይ ቆማ «እኚህ አሠልጣኝ ግን በጣም ነው የሚችሉት!» አለች።

*

እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞላ። የክለቡ አባላት ከነሚስቶቻቸው፣ ነጋዴዎች፣ ጥቂት የውጭ ሰዎች መጥተዋል። ሐጎስ ሰባ ዓመት አልፎታል፤ ቀጭን ነው፤ ወገቡን በእጁ ደገፍ እያደረገ ገባ። ሱሌማን ወደ ሆቴሉ አልመጣም። ከመንገዱ ማዶ ካለ ጁስ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጧል። «ዳግመኛ በሠራተኛ በር አልገባም፤ በፊት ለፊቱ ደግሞ አያስገቡኝም» ነበር ያለው።

ኃይለገብርኤል ማይክ ይዞ ተናገረ። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ፣ ኮምፒውተሩን እንኳ የራሱ ባለሙያዎች አሻሽለው እንደሠሩት አወራ። ከዚያ ሐጎስን ወደ መድረኩ ጠራ። «የድሮ ሂሳብ አለን» ሲል እንግዳው ሳቀ። ጨዋታው ሦስት ጉድጓድ ብቻ ነው፤ ባንዲራ ወደተተከለባቸው ሦስት ጉድጓዶች ኳሱን በትንሽ ምት ያስገባ ያሸንፋል።

ዙለይካ ከጎን ትንሽ ጠረጴዛ ላይ፣ ከቬንትሌተሩ ጋር ተቀምጣለች። የኃይለገብርኤል እርዳታ እንዳዘዘው እስከ መጨረሻው ተከፍቷል።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ኃይለገብርኤል መታ። ኳሱ መጋረጃውን ቀኝ ጠርዙ ላይ አገኘው፤ ሜዳው ላይ ግን መሀል ለመሀል በረረ። ጭብጨባ ሆነ። ሐጎስ የመጋረጃውን ጠርዝ ትኩር ብሎ አየ። በራሱ ተራ አጭር ግን ቀጥ ያለ ምት መታ። ሁለተኛው ላይም እንዲሁ ሆነ። ኃይለገብርኤል በሁለት ምት መራ። ፊቱ ወዛ፤ የአባላቱ ሚስቶች ወደተቀመጡበት ጠረጴዛ እጁን አውለበለበ።

ሦስተኛው ጉድጓድ ሰፊ ኩሬ አለው። ኃይለገብርኤል ባለ በሌለ ኃይሉ መታ። ኳሱ ከመጋረጃው ሊወጣ ለጥቂት ተረፈ። ሜዳው ላይ ኩሬውን ተሻግሮ ከባንዲራው አጠገብ ዐረፈ። ሰው ተነስቶ ሲያጨበጭብ ዙለይካ ቁልፉን ተጫነችው።

ሜዳው ጠፋ። በምትኩ ከላይ የታየ ካርታ መጣ፤ ላዩ ላይ የሁለቱ ተጫዋቾች ስምና የእያንዳንዱ ምት መስመር። በሐጎስ ስም ሥር ቀዩና ነጩ ተደራርበው አንድ መስመር ሆነዋል። በኃይለገብርኤል ስም ሥር ነጮቹ ወደ ባንዲራው ይሄዳሉ፤ ቀዮቹ ግን አንዱ ጫካ ውስጥ፣ አንዱ ከሜዳው ውጭ፣ የመጨረሻው ኩሬው መሀል ይገባል።

ጭብጨባው ከፊት ወደ ኋላ እየቀነሰ ሞተ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ኃይለገብርኤል። «መልሺው!»

ሐጎስ ወደ መጋረጃው ተጠጋ። መነጽሩን አደረገ። «ልጄ፣ ቀዩ መስመር ምንድን ነው?»

ዙለይካ ተነሳች። «ኳሱ በእውነት የሄደበት ነው።»

«ነጩስ?»

«አቶ ኃይለገብርኤል እንዲሄድ የፈለጉት።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላው ተከተለው።

«ኮምፒውተሩ ነው!» ኃይለገብርኤል ማይኩን አሁንም እንደያዘ ረስቶታል፤ ጩኸቱ አዳራሹን ናጠው። «ለዚህ ያልተሠራ ኮምፒውተር ነው! የማስታወቂያ ክፍል ዕቃ ነው፣ ይሳሳታል!»

«ለእኔስ ለምን አይሳሳትም?» አለ ሐጎስ።

ዱላውን አንስቶ አንድ ኳስ አስቀመጠና መታ። ቀዩና ነጩ አንድ ላይ ሄዱ። ከክለቡ አባላት አንድ ወፍራም ሰው ሳይጠራ መጣና እሱም መታ፤ ኳሱ ወደ ግራ ጠመመ፤ ሁለቱ መስመሮች አብረው ጠመሙ። «የኔ ጥመት የታወቀ ነው» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

ኃይለገብርኤል ወደ ዙለይካ መጣ። «ማን ነው የላከሽ?»

«ማክሰኞ ከሰዓት ይሄን እንዳደርግ ያዘዙኝ እርስዎ ነዎት። በአንድ ባለጌ ካዲ ምክንያት ዋንጫ አጥቻለሁ፣ ልመልስ አሉኝ።» ወደ እንግዶቹ ዞረች። «የካዲው ስም ሱሌማን ነው። ኳሱን ዛፍ ሥር በእግራቸው ሲገፉት አይቶ እውነቱን ስለተናገረ በሰዓት ሌባነት አሳሰሩት። እኔ ልጁ ነኝ።»

ሐጎስ መነጽሩን አወለቀ። እጁ ወንበር ፈለገ።

«ፖሊስ ጥሩልኝ!» አለ ኃይለገብርኤል። «ዕቃዬን አበላሽታለች!»

«ምን ብለህ ትከሳታለህ?» አለ ሐጎስ ቀስ ብሎ። «ያዘዝካትን ነው የሠራችው።»

ፖሊስ አልተጠራም። ዙለይካ ቦርሳዋን አንስታ በፊት ለፊቱ በር ወጣች። መንገዱን ስትሻገር ሱሌማን በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር። እንግዶቹ ከኋላዋ እየወጡ ነው፤ ኮት የለበሱ ትልልቅ ሰዎች ክንዳቸውን ወደ ቀኝ እያጣመሙ ምቱን ይደግሙታል፣ አንዲት ሴት መኪናዋን ተደግፋ በሳቅ እንባዋን ትጠርጋለች።

«አዩት?» አላት ሱሌማን።

«ሁሉም አዩት፣ አባዬ።»

ሱሌማን የመጨረሻዋ መኪና እስክትሄድ ድረስ ቁሞ ተመለከተ። ደስታው ፊቱ ላይ እንደ ርሃብ ይታይ ነበር፤ ዙለይካ እንዲህ ያለ ፊት አይታበት አታውቅም።

*

ረቡዕ ሐጎስ ቂርቆስ ድረስ ጠይቆ ቤታቸውን አገኘ። ሱሌማን ወንበር ሰጠው። ለስላሳ ተገዛለት፤ አልነካውም።

«ሱሌማን፣ ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት» አለ። «ያኔ የሰዓቱን ነገር አላመንኩም ነበር። ቂሙን መወጣቱ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን በንግድ እንገናኝ ስለነበር... ዝም አልኩ።»

ሱሌማን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አዳመጠ። ዙለይካ አባቷ እሺ ሊል ነው ብላ ጠበቀች። ሽማግሌ ሰው ደጅ ድረስ መጥቶ ሲለምን እምቢ አይባልም።

«ጋሼ ሐጎስ» አለ ሱሌማን፤ «ኳሱ የት ነበር ብለው ሲጠይቁኝ ሰው ፊት ነበር የጠየቁኝ። እኔም ሰው ፊት መለስኩ። እርስዎ ዋንጫውን ወሰዱ። እኔ እስር ቤት ሆኜ አንድ ቃል ይናገራሉ ብዬ ሁለት ወር ከአሥር ቀን ጠበቅኩ። ባለቤቴ ይህን ስትጠብቅ ሞተች። አሁን እዚህች ጓዳ ውስጥ፣ ማንም ሳይሰማ፣ ይቅር አልልዎትም። ሰው ፊት ይናገሩትና ያን ጊዜ ይምጡ።»

ሐጎስ ለመሄድ ሲነሳ ወገቡ ያዘው። ሱሌማን ደግፎ አስነሳው፤ በሩ ድረስም ሸኘው። ቃሉን ግን አልመለሰም።

ሰኔ ላይ ሐጎስ በክለቡ ጠቅላላ ስብሰባ ተነስቶ ነገሩን ከነዝምታው ተናገረ። ይህንኑ የጻፈበት ወረቀት በክለቡ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ወር ተለጥፎ ቆየ። ኃይለገብርኤል ከዚያ በኋላ ክለቡ አልታየም፤ የአራተኛ ፎቁን ዕቃ ነቅሎ አዳራሹን መልሶ ለስብሰባ አከራየው። ሱሌማን የወረቀቱን ግልባጭ ባለሱቁን ጨምሮ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ አሳየ። ሐጎስ ተመልሶ ሲመጣ «አሁን ይቅር ብዬዎታለሁ» አለው። ስለ ኃይለገብርኤል ሲጠይቁት ግን፣ «እሱንስ እስከ ቂያማ አልለቀውም» ይላል፤ ሲናገረውም ደስ ብሎት ነው።

ዙለይካም አልጸጸታትም። አንድ ነገር ብቻ ነበር።

ቅድስት ከምርቃቱ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተባረረች። ዙለይካ ይህን የሰማችው ሐሙስ ነው፤ እስከዚያ በራሷ ደስታ ሰክራ መደወል እንኳ አላሰበችም ነበር። ቅድስት ስልኳን አላነሳ ስትላት ቤቷ ሄደች። ቅድስት በሩን ከፈተች፤ ግቢ አላለቻትም።

«አሠልጣኝ ናቸው አልሽኝ» አለች። «በሠራተኛ በር ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ስምሽን አምኜ ያቀረብኩት እኔ ነኝ።»

«ብነግርሽ እምቢ ትያለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«ልል እችል ነበር። ወይም ደግሞ እሺ እል ነበር፤ እኔም እኮ ያንን ሰውዬ አልወደውም። እሁድ ያን ሁሉ ሲሆን ከኋላ ቆሜ ምን እንዳሰብኩ ታውቂያለሽ? እሰይ፣ የእጁን ሰጠችው ብዬ ነበር። ከዚያ ለኔስ አስባልኛለች ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። አሰብሽ?»

ዙለይካ መዋሸት ትችል ነበር። «አላሰብኩም» አለች።

ቅድስት ራሷን ነቀነቀች፤ መልሱን ቀድማ የምታውቅ ትመስል ነበር። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ዙለይካ በየሆቴሉ የምታውቃቸውን ሰዎች እየዞረች ስለ ቅድስት ለመነች። ሐጎስንም ጠየቀች። አንዱም ሳይሳካ፣ በአራተኛው ወር ቅድስት በራሷ መንገድ ቦሌ አንድ እንግዳ ማረፊያ ውስጥ ሥራ አገኘች።

በኅዳር አንድ ከሰዓት ካዛንቺስ ታክሲ ተራ ላይ ተገናኙ። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ቅድስት ከዙለይካ ሁለት ሰው ቀድማ ቆማለች።

«አባትሽ ደህና ናቸው?» አለች ቅድስት ዞር ብላ።

«ደህና ናቸው።»

«ጥሩ።»

ሚኒባሱ መጣ። ሰው ገባ፤ ቅድስት በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል። ከቅድስት ጎን ያለው ቦታ ባዶ ነበር። ዙለይካ አንድ እግሯን አነሳች፤ ቅድስት ወደ ውጭ ማየቷን አልተወችም። ዙለይካ ከኋላዋ ያለችው ሴትዮ እንድትገባ ጠጋ አለችና የሚቀጥለውን ጠበቀች።